የትንሿ ጣት ድርሻ

የያዙኝ እያስተማርኩ ነው። ሰሌዳው ላይ «በሰፈራችን ውሃ ለምን ይጠፋል?» የሚል ርዕስ ጽፌ፣ ከሥሩ የገላጭ ድርሰት አስተዋጽኦ እያወጣሁ ነበር። ተማሪዎቼ ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤት ለጎረቤት እየዞሩ መረጃ ሲሰበስቡ ከርመዋል። ለካስ መጠየቃቸው ያልጣመው ሰው ነበር። ሁለት ሰዎች ገቡና አንደኛው ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ አነሳው። ሌላኛው «ቲቸር፣ ለአጭር ጥያቄ ነው» አለኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ወጣሁ።

የታሰርኩበት የሴቶቹ ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ ይመስለኛል፤ የገለባው ሽታ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። መስኮቷ ከፍ ያለች ናት። ሰማይ አታሳይም፤ የጅማ መርካቶን ባጃጆች ጩኸት ግን አንድም ሳታስቀር ታስገባለች። ሁለት ሴቶች አገኘሁ። አንደኛዋ ከደቡብ መጥታ መርካቶ ጎመንና ቃሪያ የምትሸጥ፣ ስትነቃም ስትተኛም መዝሙር የማይለያት ሴት ናት። ሌላኛዋ ቦሳ አዲስ ከሚባለው ሰፈር የመጡ እናት ናቸው፤ እማማ እንላቸው ነበር። ፍራሻቸውን ለእኔ ለቀው እሳቸው ምንጣፍ ላይ ተኙ። እምቢ ብልም አልሰሙኝም።

ስሜ የትም አልተመዘገበም። ፍርድ ቤት አላቀረቡኝም። እናቴ በየጣቢያው ስትዞር «እዚህ የለችም» እንደምትባል አውቅ ነበር። እሱ ነው ያቃጠለኝ። ሰው ታስሮ ያለበት ሲታወቅ አንድ ነገር ነው፤ እኔ ግን በሕይወት እያለሁ የለሁም።

የእማማ ጉዳይ ቀላል ነበር። የሚፈለግ የወንድማቸው ልጅ እሳቸው ቤት አድሯል ተባለ። እሳቸው ግን በዚያ ሳምንት ቤታቸው አልነበሩም። ባለቤታቸው የአልጋ ቁራኛ ናቸው፤ እሳቸው ሲሄዱ ጎረቤት ቤት ተወስደው እዚያው ቀርተዋል። ሰው ካላገላበጣቸው አይገላበጡም፤ ጎረቤት ደግሞ እስከ መቼ ይችላል?

«ታዲያ ይህን ለዳኛው ነገሩት?» አልኳቸው።

«መረቅኋቸው።»

«ከዚያስ?»

«ልጆቻቸውን መረቅኩ። ችሎቱን መረቅኩ። ዝናቡንም መረቅኩ። ወደ ነገሬ ልገባ ስል 'በቃ እናቴ፣ ተረድተናል' አሉኝ።»

ምንም አልተረዱም። ፖሊስ ተጨማሪ ቀን ጠየቀ፣ ተፈቀደለት። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ጅማ ውስጥ ትልቅ ሰው ወደ ጉዳዩ የሚገባው ከብቱ፣ ልጁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠይቆ፣ ዱዓው ከደረሰ በኋላ ነው። ችሎት ደግሞ ያን ያህል ጊዜ የለውም። ቋንቋው አልቸገራቸውም፤ ኦሮምኛው የእሳቸው ነው። የቸገራቸው ቅደም ተከተሉ ነው። ቅደም ተከተል ደግሞ የእኔ እንጀራ ነው።

«ነገ ሲቀርቡ በአስተዋጽኦ ነው የሚናገሩት» አልኳቸው። «ማልቀስ የለም፤ መማጸን የለም፤ ማሳወቅ ብቻ።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ክልክል ስለሆነ እጃቸውን ዘረጋሁት። አውራ ጣት ዋናው ሐሳብ ሆነ፤ በዚያ ሳምንት ቤቴ አልነበርኩም። ሌባ ጣት፤ አጋሮ እህቴ ቤት ለቅሶ ላይ ነበርኩ። መሃል ጣት፤ አብረውኝ የተቀመጡት የአጋሮ ሰዎች ይመሰክራሉ። ቀለበት ጣት፤ ቤቴ ተቆልፎ ነበር፣ ቁልፉን የሰበሩት ራሳቸው ፖሊሶቹ ናቸው። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ፣ የሟቿ ደግነትም፣ የአጋሮ መንገድ ጭቃም ይቀራል።

«ምርቃቱስ?»

«እሱም ይቀራል።»

እጃቸውን ነጠቁኝ። «ማሎ፣ እባክሽ! ወላሂ፣ ሳልመርቅ አልናገርም። ሰው ፊት ቆሜ እንደ ከብት ዝም ብዬ ልጀምር?»

እኔም ግትር ነኝ፤ እሳቸው ግን በለጡኝ። ቀኑን ሙሉ ተከራከርን። ጎመን ሻጯ መሃል ገብታ «ለጌታ ስትሉ! አስታርቂን አላላችሁኝም እንጂ፣ መጨረሻ ላይ አድርጉትና ይብቃ» አለች። እውነቷን ነው፤ መደምደሚያ አልነበረንም። ትንሿን ጣት ለምርቃት ተውንላት።

«ቶሌ፣ እሺ» አሉ እማማ። እስኪመሽ ጣታቸውን እያጠፉ አጠኑ። ወደ ለቅሶው ጭቃ ሲሄዱ አውራ ጣታቸውን እነካለሁ፤ ይመለሳሉ። እንደ እሳቸው የደከመልኝ ተማሪ አላጋጠመኝም።

ጠዋት ሁለቱም አንድ መኪና ላይ ተጭነው ሄዱ። ብቻዬን ቀረሁ። አምስቱን ነጥብ በሐሳቤ ደጋግሜ አልኩ፤ የፈተና ቀን ውጭ ቆሞ እንደሚጠብቅ ወላጅ ሆኜ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ጎመን ሻጯ ብቻዋን ተመለሰች። ገና በሩ ሳይዘጋ «ተለቀቁ!» አለችኝ። «ጌታ ይመስገን፣ ወደ ባላቸው ሄዱ! አንድ በአንድ ተናገሩ። ዳኛው ቀና ብለው ሰሟቸው።»

እጇን ጨብጬ ዘለልኩ። «መረቁ?»

«አልመረቁም» አለችኝ።

ዳኛው ከአራተኛው ጣት በኋላ «ጨረሱ እናቴ?» ብለው ጠየቁ። እማማ ትንሿን ጣት ይዘው «አንዲት ቀርታኛለች» አሉ። «እኔ ያለሁበት ክፍል ውስጥ አንዲት አስተማሪ አለች። ችሎት አላያትም። እናቷ ያለችበትን አታውቅም።» ስሜን ከነአባቴ፣ ከነሰፈሬ ተናገሩ። ዳኛው ወደ መርማሪው ዞሩ፤ መርማሪው ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር። በማግስቱ እንድቀርብ ታዘዘ።

ያን ሁሉ የተሟገቱለትን ምርቃት ለእኔ ሰጡት። ግድግዳው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። በማግስቱ ችሎት ስገባ እናቴ ኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም። ክሴ ጊዜ ወሰደ፤ እስራቱም ቀላል አልነበረም፤ ከዚያ ጠዋት ወዲህ ግን ያለሁበት ይታወቅ ነበር።

አሁን ሰቶ ሰመሮ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ያንኑ የውሃ ርዕስ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፤ ያልጨረስኩትን ጨረስኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦሳ አዲስ ሄጄ እማማን እጠይቃለሁ፤ ምርቃታቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ሻዬ ይቀዘቅዛል፤ አላቋርጣቸውም።

ተማሪዎቼ እጃቸውን ዘርግተው ነጥባቸውን በጣት ያወጣሉ። ከርዕስ የወጣውን አሁንም በቀይ እሰርዛለሁ፤ በዚህ አልደራደርም። ሆኖም አራቱ ጣቶች ሲሞሉ «ትንሿን እንዳትሞሏት» እላቸዋለሁ። «የማን ትሁን ቲቸር?» ይሉኛል።

«እዚህ ለሌለ ሰው» እላቸዋለሁ።