ወንድሜ ቃሬዛ ላይ ሆኖ ስዊድንን ሲያወድስ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ ነው። ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሌላ ነገር ይመጣል። እስኪ ሳቁን ላስቀድም።

እኔ ሰቆጣ ገበያው ዳር ጨርቅ እሸጣለሁ። ታላቅ ወንድሜ ብርሃኑ ደግሞ ስዊድን ነው የሚኖረው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሊጠይቀን ሲመጣ የደስታ ደስታ ሆነ። ደስታው የቆየው ግን አፉን እስኪከፍት ብቻ ነበር። የጀሪካን ውሃ ስቀዳለት «እዚያ አገር በቀጥታ ከቧንቧው ነው የምንጠጣው» ይለኛል። መብራት ሲጠፋ «እዚያ አገር ቢሆን ይኼ ነገር ዜና ይሆን ነበር» ይለኛል። አውቶቡሱ ደቂቃ አያዛንፍም፣ ውሻው እንኳ ሐኪም አለው። «እሰይ፣ ውሻውን እንኳን ደስ ያለው በልልኝ» እለዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «እዚያ አገር ደህና አደረ ወይ?» እያለ ይጠይቀኝ ጀመር።

አክስታችንን እትየ ትርንጎን ማየት አማረው። መንደራቸው ከጽጽቃ አለፍ ብሎ ነው። መኪና የሚሄደው እስከ ጽጽቃ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግርና የአህያ መንገድ ነው። ዳገቱን እየተራገመ ወጣው። አክስቴም በግ አሳርደው ተቀበሉን።

በማግስቱ ጠዋት ሆዱን ያዘው። የበጉ ነው ብለን ሳቅንበት። ረፋድ ላይ ግን ላብ አጠመቀው፣ ቀኝ ጎኑን ይዞ እጥፍ ብሎ ተኛ። ያኔ ሳቃችን ቆመ። ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ሮጬ ለአምቡላንስ ደወልኩ። «እኅቴ፣ መኪናው እናንተ ዘንድ አይወጣም። ጽጽቃ እንጠብቃችኋለን፣ እስከዚያ አድርሱልን» አለኝ ሰውየው። የሚያመውን ቦታ ስነግረው ትርፍ አንጀት ሊሆን እንደሚችል፣ ከፈነዳ ደግሞ እንደሚገድል ነገረኝ።

ከጉብታው ስወርድ የመንደሩ ወንዶች ቃሬዛውን አውጥተው ጨርሰዋል። ሁለት እንጨት፣ ጠፍር፣ በላዩ ጋቢ፤ አለቀ። ወንድሜ ሲያየው «በዚህ? እኔ እኮ ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ!» አለ።

«ጎሽ ልጄ፣ ይምጣና አንዱን ጫፍ ይያዝልን» አሉት አክስቴ።

በእኛ ዘንድ መንገድ ላይ ቃሬዛ ያገኘ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። የያዘውን አስቀምጦ ጥቂትም ቢሆን ይሸከማል። በሽተኛው ማን ነው ብሎ እንኳ አይጠይቅም። አንዱ አውድማው ላይ መንሹን ጥሎ መጣ፣ ሌላው አህያውን ለሚስቱ ሰጥቶ ትከሻውን አስገባ። ወንድሜ እላያቸው ላይ ሆኖ ያቃስታል። በመሀል በመሀሉ «እዚያ አገር ቢሆን ሄሊኮፕተር ነበር» ይላል። «አፍህን ዝጋ፣ ሄሊኮፕተርህ እያላበው ነው!» አልኩት። ሬሳውን ይዤ ሰቆጣ ስገባ እየታየኝ፣ እየሰደብኩትም እያለቀስኩም ነበር የምከተለው።

ፀሐዩ ሲበረታ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳብ አደረግንለት። ወንዙ ጋ ስንደርስ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አዩን። ፊቱ የተሸፈነ ሰው ቃሬዛ ላይ ተኝቷል፣ እኔ ከኋላ እንባዬን አፈሳለሁ። ምን ይበሉ? ነጠላቸውን ዘቅዝቀው «ወየው! ወየው ልጄን!» እያሉ ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። አንዷማ ሙሾ አወረደች። ስሙን አታውቅም፣ ደግነቱን ግን አንድ ሳታስቀር ዘረዘረችው። እኔ እኅቱ እንኳ ያልሰማሁት ደግነት ነበር።

ወንድሜ ከጋቢው ውስጥ ብቅ ብሎ «አልሞትኩም! ኧረ አልሞትኩም!» አለ። ገሚሶቹ ሸሹ፣ ገሚሶቹ እልል አሉ። ሙሾ አውራጇ ግን ተቆጣች። «ታዲያ ምን ያከናንብሃል?» አለችው። ተሸካሚዎቹ በሳቅ ቃሬዛውን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው።

ወንዙን እንደተሻገርን አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ሁሉም ጥላው ሥር ሊያርፉ ሲሉ፣ ከመንደር ጀምሮ ራስጌውን የያዘው ሲሳይ የሚባል ገበሬ «እዚህ አናወርድም» አለ። ወንድሜ «አውርዱኝ እንጂ! ጥላ ነው፣ አሳርፉኝ! ምን ዓይነት ጨካኝ ሰው ነው?» እያለ ጮኸበት። ሲሳይ እርምጃውን ቀጠለ። ሌሎቹም አንገታቸውን ደፍተው ተከተሉት። እኔም በሆዴ እልኸኛ አልኩት። አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ባለፈው ክረምት ሚስቱን ምጥ ይዟት በዚሁ ቃሬዛ ስናመጣት፣ እዚህ ሾላ ሥር ስናወርዳት ነው የሞተችበት» አሉኝ።

ጽጽቃ አምቡላንሱ ቆሞ ጠበቀን። ሰቆጣ እንደደረስን ወዲያው ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡት። «ጥቂት ብትቆዩ ኖሮ አይተርፍም ነበር» አሉን። ሲሳይና ጓደኞቹ በወጉ እንኳ ሳላመሰግናቸው ባዶ ቃሬዛቸውን ይዘው ከጽጽቃ ተመልሰው ነበር።

ወንድሜ ድኖ ስዊድን ገባ። አሁን ደግሞ ባሰበት። እየደወለ «እዚህ ጎረቤቴ ስሜን አያውቅም፤ እዚያ አገር ግን ሰው ለማያውቀው ያለቅሳል» ይለኛል። ልብ በሉልኝ፣ አሁን «እዚያ አገር» የተባልነው እኛ ነን! አንድ ቀን «የኑሮ ጥራት ማለት እናንተ ጋ ነው፣ ምን ይጎድላችኋል?» ሲለኝ ትዕግስቴ አለቀ።

«እንግዲያው ናና ኑርበት፣ ቃሬዛው እንደሆነ አለ» አልኩት። ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ የሲሳይን ሚስት ታሪክ ነገርኩት። «አንተን የተሸከሙህ ሰዎች ናቸው እሷንም የተሸከሟት። አንድም ሰው አልቀረባትም። መንገዱ ነው የረዘመባት።»

ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። 

«ሲሳይ ማለት ራስጌዬን የያዘው ሰውዬ ነው?»

«አዎ፣ እሱ።»

«ጨካኝ ብዬው ነበር እኮ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አገር ማወዳደሩን ትቷል። እኔ ግን ጀምሬያለሁ። አክስቴን ጠይቄ ስመለስ፣ የሙሾዋን ነገር እያስታወስኩ ለብቻዬ እየሳቅኩ ወንዙ ድረስ እወርዳለሁ። ሾላው ጋ ስደርስ ሳቄ ይጠፋል። ማንም እንዳይሰማኝ ዞር ዞር ብዬ አይና «እዚያ አገር ቢሆን እኮ አትሞትም ነበር» እላለሁ።