የወልደአማኑኤል ጆሮ

ወልደአማኑኤልን ፊት ለፊት «ጋሼ» እለዋለሁ። እዚህ ግን አንቱታዬን አላባክንለትም። አሥራ አንድ ዓመት ካሜራ ተሸክሜለታለሁ፤ ከዲክሲስ እስከ ጮሌ ያልቀረጽነው ሰርግ የለም ማለት ይቻላል። እኔ እቀርጻለሁ፤ እሱ አሰላ ባለችው ጠባብ ቤቱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ዘፈን ያለብሳል። ራሱን «የድምፅ ባለሙያ» ብሎ ይጠራል። ማን እንደሾመው አላውቅም።

አዋቂነቱ ሰውን በመናቅ ይጀምራል፣ እዚያው ያልቃል። ዘፋኙ ጉሮሮ የለውም፣ ማይክ ሻጩ ቀጣፊ ነው፣ ደንበኛው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። አንዲት እናት «የልጄ ሰርግ ድምፅ ጆሮ ይበሳል» ብላ ብትመጣ፣ «እመቤቴ፣ አሰላ መቼ ጆሮ አለውና» ብሎ ፍላሿን ይመልስላታል። እውነቱን ለመናገር ይበሳ ነበር። ቀጭኑን ድምፅ በየዓመቱ ከፍ ሲያደርገው አይቻለሁ። ከኋላው ሲጠሩት አይዞርም፤ ስልኩ ሲጮህ የሚነግረው ጎረቤት ነው። ከተማው ሁሉ መስማት እያቃተው እንደሆነ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ያላወቀው እሱ ብቻ ነበር።

ጥፋቱን የጫነው በኮምፒውተሩ ላይ ነው። «ይሄ ቆርቆሮ ድምፅ ይበላል» ይል ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ ማዳመጫውን ሰክተህ ድምፁን ከፍ ስታደርግ ዝናብ የሚመስል የሽሽሽ ድምፅ አብሮ ይመጣል። እኔም ለዚሁ ብዬ ከአዳማ አንድ መቀየሪያ ገዛሁ። አውራ ጣት የምታህል ነገር ናት፤ አንዱ ጫፏ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል፣ በሌላው ማዳመጫው ይገባል፣ ድምፁን ከኮምፒውተሩ ሆድ አውጥታ ራሷ ታጠራዋለች። ዋጋዋ ጫማ አይገዛም። ሳሳየው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አያት።

«የቻርጀር ጭራ ነው? እኔን በጭራ ልታስተምረኝ ነው?» አለኝ።

ወደ ኪሴ መለስኳት። እንጀራዬ ነዋ። ንቀቴን ሳከፋፍል ለራሴም ድርሻዬን አልነፈግሁም።

ነሐሴ ላይ ማሂ ጥቁር ለብሳ መጣች። ጥር ላይ ሰርጓን የቀረጽንላት የዲክሲስ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ባንተአምላክ ሰኔ ላይ አርፈዋል። በሰርጓ ቀንም ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም ነበር። ሙሽሮቹ ከቤት ሲወጡ ጉልበታቸውን ስመው ሲነሱ፣ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ምርቃት መረቁ። ግቢው በእልልታ ተናውጦ ስለነበር ማሂ አንድ ቃል አልሰማችም። እኔ ግን ትንሿን ማይክ ጋቢያቸው ጥለት ላይ ሰክቼላቸው ነበር።

«በቪዲዮው እሰማዋለሁ ብዬ ተጽናንቼ ነበር» አለች፣ ፊቱ ቆማ ጮክ ብላ። «ብከፍተው ዘፈን ነው።»

«ልጄ፣ አባትሽ ከንፈራቸውን ነው ያንቀሳቀሱት» አላት ወልደአማኑኤል። «ድምፅ የለውም፣ ባዶ ነው። ዘፈን አልብሼ ባላሳምረው ምን ልታዪ ነበር?»

«እህቴን ሲድሩ ጤነኛ ነበሩ፤ ምርቃቷን በቃሏ ትወጣዋለች። የእኔን አላውቀውም፣ ጋሼ። ሌላ የቀረኝ የለም።»

ይህን ሰምቶ ትከሻውን ሰበቀ። ያን ጊዜ በተሰማኝ ንቀት አሁንም አልጸጸትም። ሳላስፈቅድ መቀየሪያዋን ሰካሁ፣ ያልተቆረጠውን ቅጂ ፈልጌ ከፈትኩ። ታላቅ ይቀድማልና ማዳመጫውን ለእሱ ሰጠሁት። እንደ ባለሙያ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።

«አላልኩም? ለውጥ የለውም። ባዶ ነው» ብሎ ለማሂ አቀበላት።

ማሂ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ከመጀመሪያው መለስኩላት። ጥቂት ቆይታ «አሜን» አለች። ደግማ «አሜን» አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እንደሚመረቅ ሰው ለእያንዳንዱ ቃል መለሰች። ወልደአማኑኤል አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። እኔም ተቀብያት ሰማሁ። ድምፁ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል፤ ሽማግሌው ሲተነፍሱ እንኳ ይሰማል። «እኔን እንደጦርሽኝ ልጆችሽ ይጡሩሽ» ይላሉ፤ «ውለዱ ክበዱ» ይላሉ፤ በኦሮምኛም «ሆራ ቡላ»፣ ተባዝታችሁ ኑሩ፣ ይላሉ። ጨርሰው ደግሞ ወደ ሹፌሩ ዞረው፣ «መኪናውን ቀስ አድርገህ ንዳ፣ በሬዎቹን ታስደነግጣለህ» ይላሉ።

«አምጣው» አለኝ ወልደአማኑኤል።

ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ተጭኖ፣ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተከለ። የሽማግሌው ከንፈር ባረፈ ቁጥር «አሜን» ይላል። እንዲህ ያለ ድፍረት በዕድሜዬ አላየሁም። ምርቃቱ አልቆ በሬዎቹ ጋ ደረሰ። «አሜን» አለ፣ ከሁሉም ጠንከር አድርጎ።

ማሂ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ።

«ጋሼ፣ የመጨረሻው እኮ ስለ በሬዎቹ ነው» አለችው፣ በቀስታ።

አልሰማትም። ፊቷን አይቶ ግን የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገባው። ማዳመጫውን አወለቀና ኮምፒውተሩን አየ፣ መቀየሪያዋን አየ፣ የሚወቅሰው ነገር አጣ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህችን ሰዓት ስመኝ ኖሬ፣ ስትመጣ የምስቅበት አፍ አልነበረኝም።

«ልጄ» አለ በመጨረሻ፣ «ምን አሉሽ?»

ማሂ ወንበሯን ሳበች። እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋ፣ የሟች አባቷን ሹክሹክታ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ ጆሮው ውስጥ ጮኸችለት።