ፊዴሊያ ሥራ አልነበራትም

ፊዴሊያ ፒሪር በሕይወቷ አንድም ቀን ሥራ ይዛ አታውቅም። እንዲህ ብዬ የጻፍኩት እኔ ኢርማ ነኝ፤ በእርሳስ፣ በገዛ እጄ፣ ሁለት ጊዜ።

እንጀራዬ በየሦስት ወሩ የመንግሥት ቅጽ ይዤ ቤት ለቤት እየዞርኩ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላውን ሁሉ ባለፈው ሳምንት ለአንዲት ሰዓት እንኳ ሠርቶ እንደሆነ መጠየቅ ነው። በዚያ ዓመት ከቁጥሩ ጋር አንድ ነገር ተያይዞ ነበር። ከመንደራችን ውጭ ርችት የሚሠራባቸው የድንጋይ ክፍሎች ሊገነቡ ነው፤ ብዛታቸው የሚወሰነውም በቅጹ ላይ «ሠራተኛ» ተብሎ በተሞላው ሰው ልክ ነው። ክፍል ያልደረሰው እንደ ልማዱ ባሩዱን ከልጆቹ አልጋ አጠገብ ያኖራል።

በነሐሴ ስሄድ ፊዴሊያ ከግቢዋ የቆርቆሮ ዳስ ወጥታ ተቀበለችኝ። ጉትቻም የፀጉር ማስያዣም አላደረገችም፤ ብረት ብልጭታ ስለሚፈጥር ባሩድ ወዳለበት ይዞት የሚገባ የለም። ለዚሁ ብላ ወለሉም ላይ ውሃ አርከፍክፋለች። ጣቶቿ እስከ አንጓቸው አመድማ ናቸው። ልጇ ብሪሂዳ ከኋላዋ ክር ትቆርጣለች፤ ገና ዐሥራ አራት ዓመቷ ስለነበር እሷን አልጠይቅም።

«ባለፈው ሳምንት ሠርተሻል?» አልኳት እናትየዋን።

«ኧረ ሴኞ! እኔ ምን ሥራ አለኝ? አንሴልሞን ማገዝ ብቻ ነው እንጂ።» እኛ ዘንድ ወረቀት የያዘች ሴት ሁሉ ሴኞ ናት።

ባሏ አንሴልሞ ከደጃፉ ሳቀ። «ሚስቴን ሠራተኛ ሊያደርጓት ነው? ነገ ደሞ ደሞዝ ክፈለኝ ትላለች! ተቀምጣ እኮ ነው የምትውለው።»

እውነቱን ነው። ከንጋት እስከ ማታ ተቀምጣ ነው የምትውለው፤ የወረቀት ቱቦ ውስጥ ባሩድ እየሞላች።

«ሥራስ ፈልገሽ ነበር?» ጥያቄውን መዝለል አይፈቀድልኝም።

«ለመፈለግ ጊዜ የት አግኝቼ?» አለችና ሁለታችንም ሳቅን።

ማገዝም እንደ ሥራ እንደሚቆጠር፣ ክፍሎቹም በዚያ እንደሚታደሉ በሹክሹክታ ነገርኳት። ክንዴን ጨበጠችኝ።

«አይጻፉት ሴኞ። ፈቃድ የለንም። ባሩዱን ቢወስዱብንስ?»

ቅጹ ምስጢር ነው ብዬ ማልኩላት፤ አላመነችኝም። «የቤት እመቤት» ከሚለው ጎን ያለውን ክብ በእርሳሴ አጠቆርኩ። ከመንደሩ አርባ አንድ ሴቶች የሠላሳ ስምንቱን እንዲሁ አጥቁሬ ወጣሁ።

በኅዳር ስመለስ ቧንቧው ከደረቀ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። የገና ትእዛዝ ተከምሯል። የዳሱ ወለል ደርቆ ጠጠሩ ከጫማዬ ሥር ሲንኮሻኮሽ ብልጭታ ፈርቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ለመንደራችን የታሰቡት ሁለት ክፍሎች ብቻ እንደሆኑ ሰምቻለሁ፤ «ሠራተኛ» ተብለው በተሞሉት ወንዶች ልክ።

«ፊዴሊያ፣ ድልድሉ ገና አልጸደቀም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ዛሬ እንጻፈው» አልኳት።

«ገና ይለፍልኝ። ከገና በኋላ እንዳሉት ይጻፉ።»

ለሁለተኛ ጊዜ አጠቆርኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ብዙ ቤት ቀርቶኝ ስለነበር ቸኩዬም ነበር።

የእኛ መንደር ሰው ፍንዳታ ሲሰማ አንገቱን አያዞርም። ለገና አራት ቀን ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ፣ ገበያ ቲማቲም እየመረጥኩ ሳለ ምድር ራደች። ሻጯ «ዘንድሮስ ጥሩ ርችት ሠርተዋል» አለች። እኔም «አዎ» ብዬ ሁለት ቲማቲም ጨመርኩ። የፊዴሊያ ዳስ ነበር። እሷ ብቻ ነበረች ውስጡ። ያንን «አዎ» ያልኩበትን አፌን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

በየካቲት ቅጼን ይዤ ሄድኩ። ዳሱ በነበረበት ቦታ አዲስ ቆርቆሮ ቆሟል። በፊዴሊያ ስም ላይ መስመር አሰመርኩና ወደሚቀጥለው ስም ወረድኩ። ብሪሂዳ በጥር ዐሥራ አምስት ዓመት ሞልቷታል፤ አሁን ትጠየቃለች።

«ባለፈው ሳምንት ለአንዲት ሰዓት እንኳ ሠርተሻል?»

አባቷን አየች። ጣቶቿን ከቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ደበቀች፤ እኔ ግን ቀድሜ አይቻቸዋለሁ።

«ኧረ ሴኞ፣ እኔ ምን ሥራ አለኝ?»

«ሠራተኛ» የሚለውን ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ አጠቆርኩት። አንሴልሞ አልተቆጣም፤ ድምፁም ዝግ ብሎ ነበር።

«ክፍሎቹ እኮ ታድለው አለቁ፣ ሴኞ ኢርማ። ቀጣዩ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው አሉን።»

ብሪሂዳ የፀጉር ማስያዣዋን አውልቃ አባቷ እጅ ላይ አስቀመጠችና ወደ ዳሱ ገባች።