ከጎጆ እስከ አምቦ የተንተፋተፈችው ቮልስ

የአባቴ ጆሮ የደከመው ወፍጮ ቤት ሲሠራ ነው። አሮጌዋን ቮልሱን ሲነዳ የሞተሯን ድምፅ የምሰማለት እኔ ነበርኩ። እሱ መሪውን ጨብጦ ንዝረቱን በመዳፉ ይከታተላል፤ ቅር ሲለው ወደ እኔ ዞሮ «ምን ትላለች?» ይላል። ይህን ጥያቄ እፈራው ነበር። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ካቆምኩ ወዲህ ከቤተሰብ ውጭ ካለ ሰው ጋር ብዙም አላወራም፤ ድምፄም ትንሽ ነው። ለአባቴ ግን ካልጮኹለት አይሰማም። ሰው ባለበት ስጮህ ፊቴ ይቃጠላል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እህቴን ከጎጆ ከተማ ልናመጣት ሄድን። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ስለዚህ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሁለተኛው ምጥ ሳይጀምራት አምቦ ሆስፒታል ገብታ እንድትጠብቅ አጥብቃ ነግራታለች። ምጡ ከቀደመ የድሮው ስፌት ሊተረተር ይችላል ብላታለች። ባሏ ሸነን በምትባል ሌላ ከተማ መምህር ስለሆነ ፈቃድ እስኪያገኝ አልተጠበቀም። አብረዋት ሊወርዱ የተነሡት አማቷ፣ የባሏ እናት ነበሩ።

እዚያው አደርን። ማለዳ ለመመለሻ የሚሆን ቤንዚን ከጀሪካን ሲቀዳ የታንኩ ክዳን በአባቴ እጅ ላይ ተሰነጠቀ። አባቴ ጨርቅ ጠቀጠቀበት። የቮልስ ሞተር ከኋላ፣ የቤንዚን ታንኩ ከፊት ነው፤ የቤንዚኑ ሽታ ወደ ተሳፋሪው ይገባል። እህቴ ገና በሩን ስትከፍት አንገፈገፋት፤ አጥር ሥር ሄዳ አስመለሳት።

አማቷ በአካባቢው በእርጎ የታወቁ ሴት ናቸው። የሳቸው የእርጎ ዕቃ ቢገለበጥ እንኳ ጠብ አይልም ይባላል። ጨርቁን አወጡና የታንኩን አፍ በድርብ ፌስታል ሸፈኑት። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ቀጭን ማሰሪያ ደጋግመው ጠመጠሙት፤ ጫፉንም በጥርሳቸው ስበው አጠበቁት። «አሁን ትንፋሽ አይወጣትም» አሉ። እውነትም ሽታው ጠፋ። አባቴ አመሰገናቸው፤ እኔም ደስ አለኝ።

መጀመሪያ ላይ ቮልሷ ደህና ነበረች። ቁልቁለቱን ጨርሰን አንድ ዳገት ስንይዝ ግን መንተፋተፍ ጀመረች።

«ምን ትላለች?» አለ አባቴ።

«ትቆራርጣለች» ብዬ ጮኽኩ።

«እኔንስ ምን ትላለች ብሎ የሚጠይቅ የለም?» አለች እህቴ ከኋላ። ሁላችንም ሳቅን። ዞር ስል ግን እሷ አልሳቀችም። የወንበሬን ጀርባ ጨብጣ ዓይኗን ጨፍና ነበር። አማቷ ወገቧን ይዘው «ገና ነው፣ ገና ነው» ይላሉ፤ ለማን እንደሚሉ አላውቅም።

ሞተሩ ጠፋ። አባቴ ወርዶ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈታ፤ የጠቆሩትን በአሸዋ ወረቀት አሽቶ መለሳቸው። አስነሣት፤ እንደ አዲስ ተነሣች። «ካንዴላ ነው» አለ፤ እኔም እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ጥቂት እንደሄድን ያው መንተፋተፍ መጣ። ጋዝ ሲረግጥ ትንቃለች፣ ከዚያ ትንገጫገጫለች፣ ከዚያ ጸጥ።

አሁን ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ፈታ። በአፉ እየነፋ፣ በቤንዚን እያጠበ ብዙ ቆየ። ስልኬን ከፍ አድርጌ መንገዱ ዳር ወዲህ ወዲያ አልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ወደ ጎጆ የሚወጣ አንድ የጭነት መኪና አጠገባችን ቀዝቀዝ አለ። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «አባባ፣ ይህቺን ኤሊ በሬ ጥመዱላት» አለና አለፈ። አባቴ ስላልሰማው እጁን አንሥቶ ሰላም አለው።

ካርቡሬተሩ ተገጠመ፤ ቮልሷ ተነሣች፤ ሄደች፤ ደግሞ ቆመች። እህቴ አሁን አትቀልድም። ምጡ በመጣ ቁጥር አፏን በነጠላዋ ትይዛለች። እኔ የማስበው ስለ ስፌቱ ብቻ ነበር። አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኝ ጀመር። ካንዴላውን ሲፈታ ቆይተን ተነሣች፤ ካርቡሬተሩን ሲፈታም ቆይተን ተነሣች። የሚያድናት ጥገናው ነው ወይስ መቆየቱ?

አባቴ በመጨረሻ ቤንዚኑ አልቆ እንደሆነ ሊያይ የፊቱን ኮፈን ከፈተ። እኔ ኮፈኑን ደግፌ ያዝኩለት። ፌስታሉ ጥርስ እንደሌለው ሰው ጉንጭ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። አባቴ ጣቱን በጎማው ሥር አስገብቶ ላላ ሲያደርገው ታንኩ «ፉሽ» ብሎ ረጅም አየር ሳበ። ፌስታሉም ተመልሶ ተነፋ። ቆመን ስንቆይ ቀስ ብሎ ሲሰርግላት የነበረው ይኸው አየር ነው። አባቴ አልሰማም፤ ዓይኑም የቤንዚኑን ልክ በሚለካበት እንጨት ላይ ነበር። «ግማሽ ነው፤ ቤንዚንስ አላት» አለና መልሶ ሊያጠብቀው ጀመረ።

እጁን ያዝኩት። «ምን?» አለኝ።

አማቲቱ በር ከፍተው ከኋላችን ቆመዋል። እኛ ዘንድ አማች በስሙ እንኳ አይጠራም፤ ስህተቱን ፊት ለፊት መንገርማ የት ይታሰባል። እህቴ ደግሞ ነገ ከሳቸው ጋር የምትኖር ናት። ለአባቴ በጆሮው ማንሾካሾክ አይቻልም። በእጄ ወደ ፌስታሉ አሳየሁት፤ «አዎ፣ ደህና ታስሯል» አለ። ከመኪናው ውስጥ እህቴ ከነጠላዋ በላይ የወጣ ድምፅ አሰማች።

«አየር አጥታ ነው» ብዬ በሙሉ ጉሮሮዬ ጮኽኩ። «ማሰሪያው ነው ያፈናት። እማማ ያሰሩት ነው።»

መንገዱ ሁሉ የሰማኝ መሰለኝ። አባቴ ፌስታሉን አየ፣ አማቲቱን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት አየ። እሳቸው ቀረብ አሉ። ማሰሪያውን ነካ አደረጉና፣ «ቅልም ካልተነፈሰ አይንቆረቆርም። እኔው ነኝ ያነቅኋት» አሉ። ከነጠላቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ፈትተው ፌስታሉን ራሳቸው ወጉት። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ ገብተው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ቮልሷ አልቆመችም። ሽታው ግን ተመለሰ፤ እህቴ ጊንጪ እስክንደርስ በመስኮት ስታስመልስ ነበር። አስፋልቱን ስንይዝ አባቴ ዘወር እያለ «ምን ትላለች?» ይለኛል፤ እኔም «ደህና ናት» እያልኩ እጮሃለሁ። ስለ ሞተሩ ብቻ ነበር የማውቀው። አማቲቱ አምቦ እስክንገባ አንድ ቃል አልተናገሩኝም።

ሆስፒታሉ በር ላይ እህቴን በአልጋ እየገፉ ወሰዷት፤ በቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። እኛ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ አማቲቱ ከወዲያኛው ጫፍ፣ እኔ ከወዲህኛው፣ አባቴ በመሀል። ብዙ ከቆየን በኋላ በሩ ተከፍቶ አንዲት ነርስ የወላዷን ቤተሰብ ጠራች። አባቴ አልሰማም። እኔ አማቲቱ እስኪነሡ ጠበቅኩ፤ የባሏ እናት እሳቸው ናቸውና። ተነሥተው መጡና ክንዴን ይዘው አስነሡኝ።

«አንቺ ሂጂ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «የሚጠየቀውን ጠይቂ። እኔ እፈራለሁ።»

ነርሷ ወንድ ልጅ ነው አለች። «እናቱስ?» አልኩ። ድምፄ ገና መንገድ ላይ እንደነበረው ስለነበር ኮሪደሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ስፌቱ ሊለቅ ጥቂት ነበር የቀረው» አለች። «ግን ደርሳችኋል። ደህና ናት።»

ተመልሼ መጀመሪያ ለአማቲቱ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ከዚያ ለአባቴ ጮኽኩለት።