በሬ የበላ ሎተሪ

ባሌ ቆቦ ገበያ በወጣ ቁጥር ሎተሪ ሳይቆርጥ አይመለስም። መጀመሪያ እቆጣ ነበር፤ ኋላ ደከመኝና ተውኩት። ደግሞም አልዋሽም፣ ዕጣው እስኪወጣ ድረስ ቤታችን ደስ ይል ነበር። የውሃ ፓምፕ እንገዛለን፣ ማሳ ለማጠጣት ጎርፍ መጠበቅ ይቀርልናል፣ ልጆቹም ከተማ ይማራሉ ይላል። እኔም "ላም አለኝ በሰማይ" እያልኩ አሾፍበታለሁ እንጂ፣ ፓምፑ የሚተከልበትን ቦታ በልቤ መርጬ ጨርሼ ነበር።

አምና ግን ነገሩን ዱዓ ድረስ ወሰደው። የሰፈሩ ሰው በተሰበሰበበት ተነሥቶ፣ "ሎተሪው ከወጣልኝ ቀዩን በሬ አርዳለሁ" ብሎ ተሳለ። ሽማግሌዎቹ መረቁት፤ ሰዉም አሚን አለ። ያለን ጥማድ አንድ ነው፤ ቀዩ ደግሞ የዚያው ግማሽ።

ሎተሪው ወጣ። የወጣችው ግን ትንሿ ዕጣ ናት፤ የቆረጠበትን ብር ብትመልስ ነው። ባሌ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሲሳል ስንት ብር ከወጣ እንደሆነ አልተናገረም።

ዱዓውን ወደመሩት ሽማግሌ አብረን ሄድን።

"ልጄ፣ ወጣልህ ወይስ አልወጣልህም?" አሉት።

"ወጥቶልኛል አባባ፣ ግን እኮ..."

"ግን ብለህ አልተሳልክም።"

ክፋት የለባቸውም። ስለት ያስቀረ ሰው ቤቱ አይባረክም ብለው ያምናሉ፤ እኛም እናምናለን። ቀዩ ታረደ። ጎረቤቱ በልቶ መረቀን። እኔ ግን አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመስኩም፤ ከጥጃነቱ ጀምሮ አብልቼ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

ክረምት ላይ ጎርፉ ከተራራው ወረደ፤ ጠልፈን ማሳችንን አጠጣን። ቆላ ላይ እርጥበት ሰው አይጠብቅም፤ ቶሎ ካልታረሰ ፀሐይ ይጨርሰዋል። ቀሪውን በሬ ከጎረቤታችን በሬ ጋር አቀናጀነው፤ ተራው ግን አስቀድሞ የእሱ ሆነ። የእኛ እስኪደርስ መሬቱ ተሰነጣጠቀ። ማሽላው እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ ቀረ።

ሰሞኑን ከገበያ ሲመለስ ኪሱን ሲነካካ አየሁት።

"ደግሞ ቆረጥክ?"

"ቆረጥኩ። ወላሂ፣ ስለት ግን አልገባሁም።"

ለመቆጣትም አቅም ያስፈልጋል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"እሺ፣ ይቺ ከወጣች ምን እንገዛለን?" አልኩት።

"በሬ" አለኝ።