የማይክሮስኮፑን ልብስ የሰፋነው እኛ ነን

በጃንሆይ ዘመን መቱ ላይ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ፣ በክፍላችን ሴቶች ሁለት ብቻ ነበርን። እኔ ቡና ጭኖ ጅማ የሚመላለስ የካሚዮን ሾፌር ልጅ ነኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ከኖፓ መጥታ ሱቅ ካለው ታላቅ ወንድሟ ቤት ትኖር ነበር። በሒሳብ እኔ ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ እሷ መልሱን ጽፋ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች። ወንዶቹ ከእሷ ይቀዱ ነበር። ፈተና ሲመለስ ግን የሚጨበጨበው ለእነሱ ነው።

በዚያ ዓመት ለትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ መጣ። ወሬው ገበያ ድረስ ደረሰ። የሳይንስ መምህራችን ህንዳዊ ነበሩ፤ ሳጥኑን ሲከፍቱ እጃቸውን በመሐረብ ጠርገው ነው። እኛም ከወንዶቹ ጋር ተሰልፈን ወደ ላቦራቶሪው ስንሄድ ዲሬክተሩ በሩ ላይ ቆመው አገኘናቸው።

«እናንተ ወዴት ነው?»

«ክፍለ ጊዜያችን ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ይህ የመንግሥት ንብረት ነው። የሴት ልጅ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ትሰብሩታላችሁ። ወደ ባልትና ክፍል ሂዱ።»

የሴት ልጅ እጅ ይንቀጠቀጣል! በዚሁ እጃችን የፈላ ድስት ከእሳት እናወርዳለን፤ በዚሁ እጃችን በመርፌ ቀዳዳ ክር እናስገባለን። መምህሩን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው የሳጥኑን ክዳን ያገላብጣሉ። ዛሬም ድረስ የሚያውቋቸው ሁሉ ደግ ሰው ነበሩ ይላሉ። ደግነታቸው ግን እኛ ጋ አልደረሰም።

በሳምንቱ የባልትና መምህርታችን ካኪ ጨርቅ ይዘው መጡና ለማይክሮስኮፑ አቧራ መከላከያ ልብስ እንድንሰፋ አዘዙን። መጠኑን በወረቀት ጽፈው ሰጡን። ዕቃውን ግን አላሳዩንም። ጓደኛዬ የስፌት መኪናውን እየረገጠች ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ፣ ፊቷም ተለወጠ። «ሙሽራዋን ሳናያት ቀሚሷን እንስፋ?» አለችኝ። ሰፋነው። ያለ ምንም እንከን ነው የሰፋነው፤ ያም ያናድደኛል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዲሬክተሩ ራሳቸው እየተጣደፉ ስፌት ክፍል ገቡ።

«ዛሬ ከጎሬ ኢንስፔክተር ይመጣሉ። ሁለታችሁ ላቦራቶሪ ገብታችሁ ከፊት ትቆማላችሁ። ምን ይመስላል ቢሏችሁ፣ ደስ ይላል በሉ።»

ከጤና ጣቢያ የተለመነ ነጭ ካፖርት አለበሱን። እጅጌው ከጣቶቻችን አልፎ ይንጠለጠል ነበር። ወንዶቹን ወደ ኋላ ገፍተው እኛን መስኮቱ አጠገብ፣ ማይክሮስኮፑ ፊት አቆሙን። ኢንስፔክተሩ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገቡ፤ ከጎሬ የሚያመጣው መንገድ በዝናብ ተበላሽቶ ነበር።

«እስቲ አንቺ፣ ልጄ» አሉኝ። «ምን ይታይሻል?»

ጎንበስ አልኩ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ብቻ ነበር ያየሁት። መምህሩ መስታወቱን ወደ ብርሃኑ ሲያዞሩልኝ ግን ከሥሩ ያስቀመጡት የሽንኩርት ልጣጭ ተከፈተ፤ እንደ ድንጋይ ካብ ተጋጥሞ የተደረደረ፣ በየክፍሉ አንዳንድ ነጥብ ያለበት ግድግዳ ነበር። እውነትም ደስ አለኝ። ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም፤ ወዲያው ንዴት ተከተለው። ይህ ሁሉ እዚሁ ነበረ። ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን እኛ ቁልፍ ስንተክል፣ ይህ ነገር እዚሁ ነበረ።

«የሽንኩርት ልጣጭ ነው» አልኩ ቀና ብዬ። «ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። እስከ ዛሬ አስገብተውን አያውቁም። እኛ የሰፋነው ልብሱን ነው።»

ኢንስፔክተሩ አዩኝና በሳቅ ፈነዱ።

«ምላሷን አያችሁ! የሚያገባት ሰው ጉዱ ፈላ!»

ሁሉም ሳቀ። መምህሩም አማርኛው ገብቷቸው ይሁን አይሁን እንጃ፣ ፈገግ አሉ። ተሳስቀው ወጡ። ጓደኛዬ ተራዋ ሳይደርስ ካፖርቷን አስወለቋት።

በማግስቱ ተንበርከኪ ተባልኩ፤ ወላጅ አምጪም ተባልኩ። አባቴ ከመንገድ እንደገባ፣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር መጣ።

«ልጅዎ በሰው ፊት አዋርዳኛለች» አሉት ዲሬክተሩ።

«ዋሽታ ነው?»

«አልዋሸችም፤ ግን...»

«ካልዋሸችማ ምን ላድርግልዎ?»

ጀግና አባት ነበረኝ ብዬ ልጨርሰው በቻልኩ። ግን መንገድ ላይ ጆሮዬን ይዞ፣ «ኢንታላ ኮ፣ ሁለተኛ እንዲህ ብትናገሪ የምገርፍሽ እኔ ነኝ» አለኝ። በሚቆጣበትም በሚራራበትም ጊዜ በኦሮምኛ ልጄ ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ ያን ቀን የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም።

የጓደኛዬ ወንድም ግን ምክንያት ሲፈልግ ነበር፤ አገኘ። «እዚያ የሚማሩት ብልግና ነው» ብሎ ከትምህርት ቤት አስወጣት። ኖፓ ውስጥ ቡና ነጋዴ ጠይቋት ኖሯል። ልትሄድ ስትል ቤታችን መጣች፤ ስለ ሰርጉ ልታወራ መስሎኝ ነበር።

«ምን አየሽ? አንድም ሳትተዪ ንገሪኝ» አለች።

ነገርኳት።

«ነጥቡ ሁሉም ክፍል ውስጥ አለ?»

«ያየሁት ውስጥ ሁሉ አለ።»

«እንግዲያው ድንገት የገባ አይደለም፤ ሥራ አለው። ሥራው ምንድን ነው?»

እኔ አይቼ ያልጠየቅሁትን እሷ ሳታይ ጠየቀች። እንዲህ ያለችውን ልጅ ነው ለቡና ነጋዴ የዳሯት።

ኢንስፔክተሩ ቢስቁም ጎሬ ተመልሰው አንድ ነገር ሳይናገሩ አልቀሩም፤ ከጥምቀት በኋላ ላቦራቶሪው ለእኔ ተከፈተ። ለአንዲት ሴት። ዲሬክተሩ ትምህርቴን እስክጨርስ ድረስ ሰላምታዬን አልመለሱም። አዲስ አበባ ሄጄ የሳይንስ መምህርነት ተማርኩና ጎሬ ተመደብኩ።

አንድ ጊዜ ሁሩሙ ገበያ ላይ ጓደኛዬን አገኘኋት። ልጅ አዝላ ማር ትገዛ ነበር። ተሳሳምን፣ ስለ ልጆቿ አወራችኝ። ስለ ትምህርት ቤት ሳነሳባት ግን ፊቷን አዞረች። «ማሎ፣ ተዪኝ» አለች፤ እባክሽ ማለቷ ነው። ተውኳት። ወደ ጎሬ ዳገቱን ስወጣ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ጎሬ ላይ በየበዓሉ አንድ ሹም መድረክ ላይ ይወጣና «ሴት ልጆቻችን ወደ ሳይንስ እንዲገቡ እናበረታታቸው» ይላል። ይጨበጨባል። እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። እኛን ድፍረት መቼ አነሰን? በሩ ላይ የቆመ ሰው ነበር፤ እሱ ዞር ይበል።

የጎሬው ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ በእጄ ሲገባ ሴቶቹን ከፊት አስቀመጥኩ። አንድ ባልደረባዬ መጥቶ፣ «ወንዶቹ አኩርፈዋል እኮ፣ እትዬ» አለኝ።

«ያኩርፉ» አልኩት። «በሩን ዝጋልኝ፣ ትምህርት ላይ ነን።»