የታንጉት ኪኒንና የእኔ እጅ

ባለቤቴ ታንጉት ምስር ስትለቅም ፍሬው ከቀኝ እጇ ይፈስ ጀመር። ታነሳለች፣ ይወድቃል። «ምን ነካሽ?» አልኋት። ልትመልስልኝ ስትል አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። እኔ ምች ነው አልሁ። ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣኋት፣ ተሸፋፍና እንድትተኛም አደረግሁ። ግማሽ ቀን በዚያ አለፈ። የእናንተ ሰው አፉ ቢጣመም፣ እጁ ቢዝል፣ ዳማከሴ ፍለጋ አትሂዱ። እኔ ከአማኑኤል ከተማችን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሳደርሳት መሽቶብኝ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቃል አያባክንም። ራሷን በሲቲ ስካን አይቶ «ስትሮክ ነው» አለ። «የደም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል። አባቴ፣ ይህ ኪኒን ተሻለኝ ተብሎ አይተውም። በየቀኑ፣ ዕድሜ ልኳን።» አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት ኪኒንና አስፒሪን ይዘን ተመለስን። መናገሩን ትናገራለች። ቀኝ እጇ ግን ከጎኗ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከግቢያችን አንድ ክፍል የተከራየች መምህርት አለች፤ ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች። ሬኪ የሚባል ነገር ተምራለች። እጅን በሰውነት ላይ ቀስ አድርጎ አሳርፎ፣ ትንፋሽን አረጋግቶ፣ ዝም ብሎ መቆየት ነው። አንድ ቀን የታንጉትን ራስ እንዲያ ይዛ ብትቆይ፣ ታንጉት እንቅልፍ ወሰዳት። ከታመመች ወዲህ እንዲያ ስትተኛ አላየሁም። «ለእኔም አስተምሪኝ» አልሁ።

«አስተምርዎታለሁ። ግን አባባ፣ መጀመሪያ በራስዎ ላይ ነው።»

«እኔ ምን ሆንሁ? የታመመችው እሷ!»

«ይኸው፣ ገና ሳይጀምሩ ተቆጡ።»

ጠዋት ጠዋት ተቀምጬ እጄን ደረቴ ላይ እንዳደርግ፣ «ለዛሬ አልቆጣም» ብዬ ቀኑን እንድጀምር አዘዘችኝ። ታንጉት ካልጋዋ ሆና ትስቅብኛለች። «ለዛሬ ብቻ? የነገውን ጩኸት አስቀምጠህልኛል በለኛ!» ልጮህ የከፈትሁትን አፍ መልሼ ዘጋሁት። መምህርቷ፣ ሰው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የሚለወጠው፣ ዓመታት ይወስዳል ትለኛለች። እኔ ዓመታት አልነበረኝም። ታንጉትን በሰባት ቀን ላድናት ነበር ያሰብሁት።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ጠበል የገባ ሰው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ይተዋል፤ ሁለቱን ማደባለቅ እምነት ማጉደል ይመስለዋል። እኔም ሬኪውን እንደ ጠበል ያዝሁት። አባታችን ሆይ እየደገምሁ እጄን ራሷ ላይ ማድረግ በጀመርሁበት ቀን ኪኒኗን ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁ። መምህርቷን አልጠየቅሁም። ማንንም አልጠየቅሁም።

«ኪኒኔስ?» አለች ታንጉት።

«እጄን አታምኝውም?»

«እጅህን አምናለሁ። ኪኒኔን ስጠኝ።»

ጮህሁባት። ጠዋት አልቆጣም ብዬ ነበር። 

ሰባቱ ቀን አለቀ። ሌላ ሰባት ጨመርሁ። እሱ ሳይሞላ አንድ ጠዋት ልቀሰቅሳት ሄድሁ። ዓይኗ ክፍት ነው። ጠራኋት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም።

ደብረ ማርቆስ ይዣት ሄድሁ። ሐኪሙ ግፊቷን ለክቶ ወደ እኔ ዞረ። «ስትሮኩ ተመልሶባታል። ኪኒኑን ማን አስቆማት?»

«እሷ እምቢ ብላ ነው» አልሁ።

ታንጉት መናገር አቃታት እንጂ ትሰማለች። አየችኝ። ሐኪሙ እሷን ተቆጣ። «እማማ፣ ምነው በራስዎ ጨከኑ?» እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። እኔ ቆሜ አያለሁ።

ለመምህርቷ እውነቱን ነገርኋት። ቤት ገብታ በሯን ትዘጋብኛለች ብዬ ነበር። «ሬኪ መድኃኒት አይተካም» አለች። «የመጀመሪያው ቀን ልነግርዎት ይገባኝ ነበር።» የእሷ ያልሆነውን ጥፋት ወሰደች። እኔ የራሴን ለሐኪሙ ገና አልተናገርሁም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት መቀመጤን አልተውሁም፤ መጀመሪያ በእልህ፣ ኋላ ግን ሌላ መሄጃ ስላጣሁ። መምህርቷ እንዲያ ሲቀመጡ መዳፍ ይሞቃል ትላለች፤ እኔ እጄን ደረቴ ላይ ባደረግሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ያ ውሸት ነው፤ እየሸሸሁት፣ እየተመለሰብኝ፣ ክረምቱ ወጥቶ መኸሩ እስኪሰበሰብ ድረስ አብሮኝ ተቀመጠ። ለክትትል በሄድንበት ቀን ታንጉት ፊት ለሐኪሙ «ኪኒኑን የቆለፍሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ» አልሁ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ይንገሩ።» ዞሬ ደገምሁት። ታንጉት ራሷን ነቀነቀች። ይቅር ማለቷ ይሁን፣ ምን አዲስ ነገር ነገርኸኝ ማለቷ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አሁን በፊዚዮቴራፒ ቀኝ እጇ ኳስ መጨበጥ ጀምሯል፤ በከዘራ ተደግፋ እስከ አጥሩ ትደርሳለች፤ ጥቂት ቃላትም አውጥታለች። ውኃ ትላለች። ና ትላለች። ተው ትላለች። እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሙን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ የምታፍታታላትን ባለሙያ፣ መምህርቷንም አመሰግናለሁ። ሬኪ ታንጉትን አዳናት አልልም። እኔንም ገና አላዳነኝም። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመም ያለባችሁ፣ ጸሎታችሁንም ሬኪያችሁንም ያዙ፤ ኪኒኑን ግን አትንኩ። ማቆም ያሰበም ሐኪሙን ይጠይቅ። የታመመው ሰው ስጡኝ ካለ ስጡት፤ ሕመሙን ከእናንተ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

በየጠዋቱ አልጋዋ አጠገብ ቆሜ «እጄን ላሳርፍልሽ?» እላታለሁ።

«ተው» ትላለች።

እሺ ብዬ ሄጄ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ።